የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሻይና ጥርሳችን

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሻይ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ብዙ አላውቅም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የጠዋቱ ውርጭ ያንሰፈስፋል። ጋቢ ተደርቦም፣ ጃኬት ተለብሶም እጅ የሚሞቀው ትኩስ ብርጭቆ ሲጨብጥ ነው።

እኔ የማዘወትራት ሻይ ቤት መናኸሪያው አካባቢ ናት። አንድ ቀን ሻይ ቀጂዋን ትኩር ብዬ አየኋት። ብርጭቆዎቹን ደርድራ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት የተቆለለ ማንኪያ ስኳር ትጨምራለች። ከዚያ ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት ሻይ ይንቆረቆርበታል። ሳይማሰል የተጠጣ እንደሆነ ስኳሩ ታች ይዘቅጣል። ብዙዎቻችን ሻዩ ሲያልቅ ብርጭቆውን ዘንበል አድርገን ያቺን ዝቃጭ እንመጣታለን። እኔም ዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ።

አብሮኝ የተቀመጠው ወዳጄ ሹፌር ነው። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ገና 40 አልሞላውም፤ ሁለት መንጋጋውን ግን ተነቅሏል። ሦስተኛው ደግሞ እያመመው ነው። «ከረሜላ አልወድም። ኬክ አልበላም። ታዲያ ይሄ ጥርሴ በምን ተበላ?» አለኝ። ስንት ሻይ እንደሚጠጣ ጠየቅኩት። ሳቅ አለና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ጠዋት ሁለት፣ ደብረ ሲና ላይ አንድ፣ ሸዋ ሮቢት ምሳ በልቶ አንድ፣ ሲመለስ አንድ፣ ማታ ቤቱ አንድ። ስድስት። በዚያ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለው መንገድ ላይ ቀስ እያለ የሚጎነጫት አንድ ለስላሳ አለች። የሱን ጥያቄ በደንብ መመለስ ስለፈለግኩ ነው ይህን የምጽፈው።

አገር ቤት ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይባላል። ትል የለም። ያለው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ ጥርሳችሁን በምላሳችሁ ዳበስ አድርጉት። የሚያሙለጨልጭ፣ ለበስ ያለ ነገር አለ አይደል? ፕላክ የሚባለው እሱ ነው። የባክቴሪያ ሰፈር በሉት። እኛ ጣፋጭ በቀመስን ቁጥር እነሱም ይበላሉ። በልተው የሚያወጡት ደግሞ አሲድ ነው።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ሰውነታችን ውስጥ ካለ ነገር ሁሉ የሚጠነክረው ነው። ከአጥንትም ይበልጣል። አሲድ ግን አይችልም። የአሲድነት መጠን የሚለካበት ፒኤች የሚባል ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ጥርስ ላይ ያለው ቁጥር ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ካልሲየሙና ፎስፌቱ ከጥርሱ እየሟሟ መውጣት ይጀምራል። ጣፋጭ ከቀመስን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ ምራቅ ይደርስለታል። አሲዱን ያረግበዋል፣ የወጣውን ማዕድንም መልሶ ይለጥፋል። ይህ ጥገና ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ጥርሳችን ቀኑን ሙሉ ይሟሟል፣ ይጠገናል፣ ይሟሟል፣ ይጠገናል። ሻዩን ጠጥተን ለሦስት ለአራት ሰዓት ምንም ካልቀመስን ምራቁ ሥራውን ይጨርሳል። ጥገናው ሳያልቅ ሌላ ሻይ፣ ከዚያ ብስኩት፣ ከዚያ ለስላሳ ካስከተልን ግን መሟሟቱ ይበልጣል። መጀመሪያ ጥርሱ ላይ ነጭ፣ ወዙን ያጣ ነጠብጣብ ይታያል። እዚህ ላይ ከተነቃ ገና የሚመለስ ነው። ሽፋኑ ከተበሳ በኋላ ግን ጥርስ እንደ ቁስል አይሽርም፤ ራሱን መልሶ አይሞላም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ለጥርስ ግን ነገሩ ግልባጭ ነው። ስኳሩ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ከሚመጣበት በአንድ ማዕድ ቢመጣ ይቀለዋል። ምሳ ላይ ምግቡ ራሱ ምራቅ ያመነጫል፣ ማኘኩም ይረዳል። ከምሳ ጋር የተጠጣች ጣፋጭ ሻይ፣ 10 ሰዓት ላይ ብቻዋን ከተጠጣችው ያነሰ ትጎዳለች። የወዳጄም ጥርስ የተጎዳው በዚህ ይመስለኛል። ከረሜላ አይበላም፤ አፉ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እረፍት የለውም። በተለይ ያቺ ለስላሳ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲጎነጫት፣ ጥርሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ አሲድ ውስጥ ተነክሯል።

ይህን ነገር ዓለም ያወቀው በሚያሳዝን መንገድ ነው። ከ1945 እስከ 1953 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ስዊድን ውስጥ ቪፔሆልም በሚባል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋም ውስጥ በተካሄደ ጥናት፣ ታካሚዎቹን ጣፋጭ እያበሉ ጥርሳቸውን ይመረምሩ ነበር። ከምግብ ጋር ስኳር የተሰጣቸው ብዙም አልተጎዱም። በምግብ መካከል ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ የተሰጣቸው ግን ጥርሳቸው ክፉኛ ተበላ። ሰዎቹ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። ዛሬ ማንም እንዲህ ያለ ጥናት አይፈቅድም፤ መፍቀድም የለበትም። እውቀቱ ግን በነሱ ጥርስ የተገኘ ነውና ልንጠቀምበት ይገባል። ስዊድኖች ከዚያ ወዲህ ለልጆቻቸው ከረሜላ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ መስጠትን ልማድ አድርገዋል። ለኛ ሰው ከባድ አይመስለኝም። ጣፋጭ የበዓል ነገር የነበረበት ጊዜ እኮ ሩቅ አይደለም።

መጠኑም ቢሆን ይቆጠራል። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ የተቆለለ ከሆነ 6 ግራም ቢሆን ነው። ሁለት የተቆለለ ማለት በአንድ ብርጭቆ 12 ግራም። ስድስት ሻይ 72 ግራም። አንድ ጠርሙስ ኮላ ላይ ደግሞ 30 ግራም ያህል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከምግብና ከመጠጥ ላይ የሚጨመርለት ስኳር ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ከተቻለም ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይላል። ማርም እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ማር መድኃኒት ነው ስለሚባል ብርዝ ለልጅ እንደ ውሃ ሲሰጥ አያለሁ። ለባክቴሪያው ማርም ስኳርም አንድ ነው።

ጣፋጭ ስንል ስኳር ብቻ አይደለም የማወራው። ለስላሳ ነጭ ዳቦና ብስኩት ጥርስ መካከል ገብተው እንደ ሊጥ ይለጠፋሉ። ስታርቹ አፍ ውስጥ እያለ በምራቅ ወደ ስኳርነት መለወጥ ይጀምራል። ቸኮሌት ቶሎ ሟሙቶ ይሄዳል፤ የተለጠፈ ብስኩት ግን ብዙ ይቆያል። በሶም በጨውና በዘይት ከተጨበጠ ጥሩ ምግብ ነው። በስኳር ተበጥብጦ ቀስ እየተባለ ሲጠጣ ግን ሁለቱም ችግር አለበት፦ ይጣበቃል፣ ይጣፍጣልም።

ስለ ቆሎ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ መንገደኛ ጥቂት ነው። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው። እኔ ለወዳጄ ለስላሳዋን በቆሎና በውሃ ቀይር ነው ያልኩት። ቆሎ ሲታኘክ ምራቅ ይመነጫል፣ የተጨመረ ስኳር የለውም፣ እንቅልፍም ያባርራል። አንድ ነገር ግን አለ። መንጋጋው ቀድሞ የተቦረቦረ ወይም ትልቅ ሙሌት ያለበት ሰው በደረቅ ቆሎ ጥርሱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ትንሽ ጠጠር ከገባማ አለቀ። እንዲህ ያለ ሰው አሹቅ ወይም ንፍሮ ቢበላ ይሻለዋል። ከረሜላን ወይም በረዶን በጥርስ መስበርም ከዚሁ ይቆጠራል። የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈትን እንኳ አላነሳውም።

አሲድ ከባክቴሪያው ብቻ አይመጣም። በቀጥታም እንጠጣዋለን። የኮላ መጠጦች ፒኤች 2.5 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂም ከዚያ አይርቅም። ስኳር የሌለው ለስላሳም ቢሆን አሲዱ አለ። ሎሚ ሻይ ላይ ጠብ ማድረግ ብዙም አያሰጋም። ጥርስ ነጭ እንዲሆን በሎሚ የሚያሹ ልጆች ግን አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ለጊዜው ያነጣ ይመስላል፤ የሚነሳው ግን ሽፋኑ ራሱ ነው። የሄደ ኢናሜል ተመልሶ አይበቅልም። ውስጡ ቢጫ ስለሆነ ጥርሱ ጭራሽ እየወየበ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ያንዘረዝረዋል። ኮምጣጣ ነገር ወስዳችሁ ከሆነ ወዲያው አትቦርሹ። በውሃ ተጉመጥመጡና ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ወደ ድድ ልምጣ። ድድን ሰው ይረሳዋል፤ ጥርስ ግን የቆመው በሱ ነው። ጤነኛ ድድ አይደማም። ሲቦርሹ ወይም ሲፍቁ ደም ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያው ፕላክ ነው። ሳይጸዳ ከቆየ ድዱን ያስቆጣዋል። ሲውል ሲያድር ደግሞ ይደነድንና ድንጋይ ይሆናል። ያን ጊዜ ብሩሽ አያነሳውም፤ ሐኪም ቤት የጥርስ እጥበት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ደም ሲያይ ደንግጦ መቦረሽ ያቆማል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ድዱ ሥር ድረስ ማጽዳት። ችላ ከተባለ ቁጣው ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። ጥርሱ ምንም ሳይቦረቦር መነቃነቅ ይጀምራል።

ታዲያ ምግብ ምን ያደርጋል? ድድ በየጊዜው የሚታደስ ሥጋ ነው። ሥጋውን አያይዞ የሚያቆመው ኮላጅን የሚባል ነገር ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠራም። ድሮ ባሕር ላይ ወራት የሚቆዩ መርከበኞች ድዳቸው እያበጠና እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ ይሞቱ ነበር። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ለታመሙ መርከበኞች የተለያየ ነገር ሰጥቶ ሲያነጻጽር፣ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ቶሎ አገገሙ። ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ ለኛ ቅርባችን ነው። የሸዋ ሮቢት ቆላ ማንጎና ፓፓያ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ይደርሳል።

ፍራፍሬ በየቀኑ መግዛት ለሁሉም እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን ቃሪያ አለ። ጥሬ ቃሪያ በክብደቱ ሲመዘን ከብርቱካን ይበልጥ ቫይታሚን ሲ አለው። ሽሮ ላይ ሁለት ጥሬ ቃሪያ ሰንጥቆ መብላት ለደገኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቲማቲም፣ ጎመን፣ ድንችም ይረዳሉ። ቫይታሚኑ በረጅም ማብሰል ይሞታል፤ ውሃ ውስጥም ያልቃል። ጎመኑን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ጥቅሙን አብሮ መድፋት ነው። እኛ ቤት ጎመን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚሠራው። አሁን በትንሽ ውሃ ነው የምናበስለው፤ ልዩነቱ በጣዕሙም ይታወቃል።

ካልሲየምን በተመለከተ አንድ ስህተት ላቅና። ያደገ ሰው ወተት ቢጠጣ ካልሲየሙ ሄዶ የተቦረቦረ ጥርሱን አይደፍንም። የሚጠቅመው ጥርሱን የያዘውን የመንጋጋ አጥንትና ገና ጥርሳቸው እየተሠራ ያሉ ልጆችን ነው። የወተት ጥርስ መጠንከር የሚጀምረው ልጁ ገና በእናቱ ማሕፀን እያለ ነው። ነፍሰ ጡር ጥርሷ ሲጎዳ ፅንሱ ካልሲየሙን ከጥርሷ ወሰደባት ይባላል። አይወስድም። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ድድን ቶሎ እንዲቆጣ ያደርገዋል፣ ማስታወክ አሲድ ያመጣል፣ ቶሎ ቶሎ መብላትም አለ። ጥርሷን የሚጎዱት እነዚህ ናቸው። ካስታወካት በኋላ በውሃ ተጉመጥምጣ ቆይታ መቦረሽ አለባት።

የሸኖ ቅቤ ስሙ ገናና ነው። ካልሲየሙ ግን ቅቤው ላይ አይደለም፤ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ውስጥ ነው። አሬራው ሞቆ አይብ ሲሆን ደግሞ ከካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ወተቱን፣ እርጎውን፣ አሬራውን ልጆች ይጠጡ። አጓቱም አይደፋ።

በጾም ወተት የለም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ያን ጊዜ ጤፍ ይደርስልናል፤ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ካልሲየም በብዙ ይበልጣል። የመንዝ ሰው ገብስ ስለሚያበዛ ጎመንና ሰሊጥ ቢጨምርበት ጥሩ ነው። ደግሞ ጾም ለጥርስ ያለው በጎ ነገር አይካድም። እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀመስ ከሆነ አፍ እረፍት ያገኛል። የሚያበላሸው ሲፈታ መጀመሪያ ለስላሳ መክፈት ነው። አፍ ደርቆ ምራቅ ባነሰበት ሰዓት ስኳርና አሲድ ሲመጣ የሚያረግበው የለም። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ምግብ። ጫት የሚቅሙም ችግራቸው ይሄው ነው፤ ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ከላዩ ደግሞ ጣፋጭ ይጠጣበታል። አረቄም ያደርቃል።

ድሮ መፋቂያ ነበር፣ አሁንም አለ። ወይራውም ክትክታውም በደንብ ከተፋቀበት ያጸዳል። የሚጎድለው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው። ፍሎራይድ ጥርስ ሲጠገን አብሮ ገብቶ አሲድ እንዲቋቋም ያደርገዋል። ስለዚህ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት። አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ ደጋግማችሁ አትታጠቡት፤ ጥርስ ላይ ይቆይ። ሲበዛ ግን ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂና መተሐራ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሚሆነው ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ በዝቶ ነው።

የልጆች ነገር ከሁሉም ያሳስበኛል። ማታ ልጅ እንዲተኛ ስኳር ያለው ወተት ወይም አብሽ በጡጦ አፉ ላይ ይተውለታል። ሲተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ጣፋጩ ሌሊቱን ሙሉ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ላይ ያድራል። የሁለት ዓመት ልጅ የፊት ጥርሱ ጠቁሮ ጉቶ ሆኖ ያየሁት ከአንዴም በላይ ነው። እናትየው የምትችለውን ሁሉ ያደረገች ናት፤ የነገራት ሰው የለም። ጡጦው የግድ ከሆነ ጥርሱ ከጸዳ በኋላ ውሃ ብቻ ይሁን።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ማለትም አለ። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ አንድ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚመጣ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ቋሚ ነው፤ ሌላ አይተካውም። የልጃችሁን አፍ ከፍታችሁ ብርሃን ላይ እዩት።

ወዳጄ አሁን ስኳሩን ለብቻው ነው የሚያስመጣው። መጀመሪያ ቀን ሻይ ቀጂዋ «ጋሼ፣ ስኳር በሽታ ያዘህ እንዴ?» ብላ ደንግጣ ነበር። አልያዘውም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ድዱ በቀላሉ ይቆጣል፤ የተቆጣ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ስለዚህ የሁለቱም ሕክምና አብሮ መሄድ አለበት። ወዳጄ በአንዴ አልተወም። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሰ አንድ ማንኪያ ላይ ደርሷል። ከስድስቱ ሻይ ሦስቱ ከምግብ ጋር ሆነዋል፣ ሁለቱን ትቷቸዋል።

ሦስተኛው መንጋጋው ግን በዚህ አይድንም። የተቦረቦረውን ምግብ አይመልሰውም። ቅርንፉድ ነክሶ መያዝ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ግን ድዱን ያቃጥሉታል እንጂ አያድኑትም። ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ የሚጠዘጥዝ ጥርስ ብዙ ጊዜ በሙሌት ይተርፋል። ሌሊት ብቻውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሥሩ ደርሷል፤ ያኔ የሥር ሕክምና ወይም መነቀል ነው የሚቀረው። ጉንጭ አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው።